የተጠቀሰው ሁሉ አንድ አይደለም፦ የሪያዱ ሐኪም ጥናቶች የሄዱበት መንገድ

ጃንዋሪ 28 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ከቻይናዋ ዉሃን ከተማ የተነሣውን አዲስ የሳንባ ሕመም ለሚያክሙ ሐኪሞች ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ። በሽታው ገና «ኮቪድ-19» የሚለው ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። ሐኪሞችን ያከራክሩ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ ሳንባው በብግነት ለተጎዳ በሽተኛ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለው ነበር። መመሪያው በሙከራ ጥናት ለታቀፉ ሕሙማን ካልሆነ በቀር መድኃኒቱ በዘልማድ እንዳይሰጥ መከረ። ለዚህ ምክር ዋቢ ከተደረጉት ጽሑፎች መካከል አንዱ ከሳዑዲ ዓረቢያ የወጣ ነው። ቀዳሚ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ያሲን አረቢ ይባላሉ፤ በሪያድ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሕክምና ከተማ የጽኑ ሕሙማን ሐኪምና በንጉሥ ሳዑድ ቢን አብዱልአዚዝ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው።

የሕክምና ተመራማሪ ዛሬ በሁለት ቁጥሮች ይመዘናል፤ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ስንት ጊዜስ በሌሎች ተጠቀሰ። ሹመት፣ የምርምር ገንዘብና የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር የተቆራኙ ሆነዋል። የፕሮፌሰር አረቢ መዝገብ በሁለቱም ረገድ የከበደ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ትቶ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ የሚገልጥ አንባቢ፣ «ተጠቀሰ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሚደበቅ ያያል። ለዚህም ከዚያው የኮርቲኮስቴሮይድ ጥናት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ጥናቱ የተሠራው ስለ ኮቪድ ሳይሆን ስለ ሜርስ ነው። ሜርስ ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካላት ሕመም በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ የታወቀ፣ በኮሮና ቫይረስ የሚመጣ በሽታ ሲሆን፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መያዛቸው ከተመዘገበው ሰዎች መካከል ከመቶ 35 ያህሉን ገድሏል። ፕሮፌሰር አረቢና ባልደረቦቻቸው በ14 የሳዑዲ ሆስፒታሎች በጽኑ የታመሙ 309 ሰዎችን መዝገብ ሰበሰቡ። ከእነዚህ ውስጥ 151ዱ ኮርቲኮስቴሮይድ ወስደዋል። ጥሬው ቁጥር ሲታይ መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት ይበዛሉ። አንድ ችኩል ጸሐፊ እዚያው ላይ ቆሞ «መድኃኒቱ ይገድላል» ብሎ ቢያሳትም ብዙ ጠቃሽ ባገኘ ነበር።

ጸሐፊዎቹ ግን እዚያ አልቆሙም። ሐኪም ይህን መድኃኒት የሚያዘው ለማን ነው? ሕመሙ ለጠናበት፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልሆነለት ነው። እሳት በተነሣበት ስፍራ ሁሉ ውኃ የተሸከመ ሰው ይታያል፤ እሳቱን የለኮሰው ግን እሱ አይደለም። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ቀን በቀን የሚከተል የስታቲስቲክስ ስሌት ተጠቀሙ። ስሌቱ ሲጠናቀቅ መድኃኒቱ በ90 ቀን ውስጥ በሚደርስ ሞት ላይ ጉልህ ልዩነት እንዳላመጣ፣ ነገር ግን ቫይረሱ ከሰውነት የሚጠራበትን ጊዜ እንዳዘገየ ታየ። በ2018 የታተመው ውጤት ይህ ብቻ ነው። «ይገድላል» አላለም፤ «ያድናል»ም አላለም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዓለም ሁሉ ስለ ኮሮና ቫይረስ የተጻፈውን እያንዳንዱን ገጽ መፈለግ ጀመረ። ቀድሞ በጥቂት ስፔሻሊስቶች ብቻ ይነበቡ የነበሩ የሜርስ ጽሑፎች በየመመሪያው፣ በየአርታኢ ማስታወሻውና በየሆስፒታሉ ስብሰባ መነሣት ያዙ። ደራሲዎቹ አንድ መስመር ሳይጨምሩ የተጠቃሽነት ቁጥራቸው ከፍ አለ።

ከዚያም ጁን 16 ቀን 2020 መጣ። በብሪታንያ ሆስፒታሎች የተካሄደውና «ሪከቨሪ» የተባለው ታላቅ ሙከራ ውጤቱን ይፋ አደረገ። በሙከራው 2,104 ሕሙማን ዴክሳሜታዞን የተባለውን ርካሽና የቆየ ኮርቲኮስቴሮይድ በቀን 6 ሚሊግራም እንዲወስዱ በዕጣ ተመድበው ነበር፤ 4,321ዱ ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት መድኃኒቱን ካልወሰዱት ከመቶ 41.4 ሲሆኑ፣ ከወሰዱት ከመቶ 29.3 ሆኑ። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው የነበሩትም በመጠኑ ተጠቅመዋል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት በጽኑ ለታመሙ የኮቪድ ሕሙማን መድኃኒቱ እንዲሰጥ የሚመክር አዲስ መመሪያ አወጣ።

በጃንዋሪና በሴፕቴምበር መካከል ሰባት ወር ያህል አለ። በእነዚያ ወራት በየአገሩ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው የነበሩት ሰዎች ጉዳይ ቀላል አይደለም። ታዲያ የሪያዱ ጥናት ስሕተት ነበር ማለት ነውን? አይደለም። ስለ ሌላ በሽታ የተጻፈ፣ ከመዝገብ የተሰበሰበና የራሱን ወሰን የተናገረ ጥናት ነው። ኮቪድ በራሱ ሕሙማን ላይ በዕጣ እስኪሞከር ድረስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በእጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። መመሪያውም ቢሆን «በሙከራ ጥናት ካልሆነ» ብሎ በር ትቶ ነበር፤ «ሪከቨሪ»ን የመሰለው ሙከራ የገባውም በዚያው በር ነው። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ካስፈለገ፣ የሚወቀሰው ጥንቃቄውን ዘንግቶ ውጤቱን ብቻ ይዞ የሮጠ ጠቃሽ ነው።

ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። ጥናቱን አምኖ መድኃኒት የከለከለ፣ ጥናቱን ተችቶ የተከራከረ፣ «ከሪከቨሪ በፊት እንዲህ ይታሰብ ነበር» ብሎ ለታሪክ ያህል ያነሣው፣ ሁሉም በቆጣሪው ዘንድ «አንድ» ናቸው።

የሚገርመው የመቁጠሪያው መሥራች ሐሳብ ከዚህ የተለየ መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የትኛው ጽሑፍ የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ እንዲዘጋጅ ሲጠይቅ ዋና ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ተመራማሪዎች ያረጀን፣ ያልተሟላን ወይም የተጭበረበረን ጽሑፍ ሳያውቁ እንዳይጠቅሱ፣ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ምን ትችት እንደደረሰበት በቀላሉ እንዲያገኙ ፈልጎ ነው። መዝገቡ በ1960ዎቹ ከፊላደልፊያ መታተም ጀመረ። የአንድን ሐሳብ ዱካ ለመከተል የተሠራው መሣሪያ ቀስ በቀስ የሰውን ክብደት መለኪያ ሚዛን ሆነ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ ሁሉንም በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ስሌት አቀረበ፤ ዛሬ «ኤች-ኢንዴክስ» የሚባለው ነው። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ አሥር ነው። በዕድሜው አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ አምስት ሺህ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ቁጥሩ አንድ ነው። ስሌቱ ብዙ የሚጽፍንና ዕድሜው የገፋን ያበረታታል፤ የተጻፈው ማንን እንዳዳነ ግን አይጠይቅም።

ወደ ፕሮፌሰሩ መዝገብ እንመለስ። ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቹ ሳያውቁት የሚቀርቡት አንድ ሥራ አለ። በ2006 ፕሮፌሰር አረቢ ከዶክተር ቃንታ አሕመድና ከፕሮፌሰር ዚያድ ሜሚሽ ጋር ሆነው «ዘ ላንሴት» በተባለው የለንደን መጽሔት ላይ በሐጅ ወቅት ስለሚያጋጥሙ የጤና አደጋዎች አንድ ሰፊ ዳሰሳ አሳተሙ። ሙቀት፣ መጨናነቅና መረጋገጥ፣ የመተንፈሻ አካል ሕመሞች፣ የማጅራት ገትር፣ ሁሉም በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ቀረቡ። ስለ ሐጅና ስለ ጤና የሚጽፍ ተመራማሪ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጽሑፎች አንዱም ይህ ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ መካ የተጓዘ ሰው ከመነሻው በፊት ክንዱን ለመርፌ መስጠቱን ያስታውሳል። የዚያ መርፌ ታሪክ ከጽሑፉ ይቀድማል። በ2000 የሐጅ ወቅት ደብሊው-135 የተባለ የማጅራት ገትር ዝርያ በሑጃጅ መካከል ተነሥቶ፣ ወደየአገራቸው ሲመለሱ በቤተሰቦቻቸው ዘንድም ታየ። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ክትባት ይህን ዝርያ በአግባቡ አይሸፍንም ነበር። ከ2002 ጀምሮ አራት ዝርያዎችን የሚከላከለው ክትባት ለሑጃጅ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ኢትዮጵያን ጨምሮ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ከሚገኙ አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች ደግሞ በመግቢያው ላይ የሲፕሮፍሎክሳሲን ኪኒን እንዲሰጥ የሳዑዲ የጤና መሥፈርቶች በተለያዩ ዓመታት ደንግገዋል። የ2006ቱ ዳሰሳ ይህን ልምድ ሰብስቦ ለዓለም ሐኪሞች አስረዳ እንጂ ደንቡን አላወጣም። ነገር ግን በሌላ አገር ያለ ሐኪም ከሐጅ የተመለሰ ትኩሳታም በሽተኛ ሲመጣበት ምን መጠርጠር እንዳለበት የሚያውቀው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲኖር ነው። የክትባት ካርዱ ላይ የሚያርፈውን ማኅተም የሚቆጥር የተጠቃሽነት መዝገብ የለም።

ስለ ሜርስ የጻፉት ደግሞ ከትንሽ ተነሣ። በ2014 ፕሮፌሰሩ ቀዳሚ ደራሲ ሆነው በሦስት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ስለታከሙ አሥራ ሁለት ሰዎች የሚተርክ ጽሑፍ ወጣ። አሥራ ሁለት ብቻ። ከእነዚህ ሰባቱ በ90 ቀን ውስጥ ሞተዋል። በሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ አነስተኛ ቁጥር ይዞ ለታላቅ መጽሔት መቅረብ ያስቸግራል። ሆኖም በዚያን ጊዜ በሽታው በጽኑ ሲጠና ምን እንደሚመስል፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱና የደም ግፊቱ እንዴት እንደሚሆኑ የሚናገር ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ስለነበር ተፈላጊ ሆነ። በ2015 የበጋ ወራት በሽታው የፕሮፌሰሩ የሥራ ቦታ በሆነው በዚያው የሪያድ የሕክምና ከተማ ውስጥ ተቀስቅሶ፣ የተረጋገጡትና የተጠረጠሩት ተደምረው 130 ሰዎች እንደተያዙ የሆስፒታሉ ሐኪሞች በጽሑፍ ዘግበዋል። ከእነዚህ 43ቱ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በ2017 ፕሮፌሰር አረቢና ባልደረቦቻቸው ስለ በሽታው በ«ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ያወጡት አጠቃላይ ዳሰሳ ይህን ሁሉ ተሞክሮ ከኋላው ይዞ ነው።

ሌላው የመዝገቡ ገጽ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነው። ፕሮፌሰር አረቢ የመሯቸው ታላላቅ ሙከራዎች አብዛኞቹ የደረሱበት መደምደሚያ «ልዩነት የለም» የሚል ነው።

በ2015 የታተመው ሙከራ በሳዑዲ ዓረቢያና በካናዳ በሚገኙ ሰባት ሆስፒታሎች 894 ጽኑ ሕሙማንን አካትቷል። ጥያቄው ስለ ምግብ ነው። ራሱን ስቶ በቱቦ የሚመገብ በሽተኛ፣ በስሌት ከሚያስፈልገው ካሎሪ ሙሉ ለሙሉ ወይም ወደዚያ የሚጠጋውን ያግኝ ወይስ ግማሽ ያህሉ ይበቃዋል? ለሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ፕሮቲን ተሰጠ። ከ90 ቀን በኋላ በትንሹ ከተመገቡት ከመቶ 27.2፣ በሙሉ ከተመገቡት ደግሞ ከመቶ 28.9 ሞተው ተገኙ። በሳይንስ ሚዛን እኩል ነው። በሽተኛቸው በደንብ እንዲበላ ለሚጨነቁ ቤተሰቦች ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በእኛ ባህል ታማሚ «አልበላም» ሲል የቤቱ ሁሉ ልብ ይሰበራልና። ነገር ግን በሕመም የደከመ አካል የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥቂት ካሎሪ ቢያሳልፍ እንደማይጎዳ ሐኪሞች ያወቁት እንዲህ ካሉ ሙከራዎች ነው።

በ2019 የወጣው ደግሞ ስለ እግር መጭመቂያ መሣሪያ ነበር። አልጋ ላይ የተኛ ጽኑ ሕመምተኛ በእግሩ ጥልቅ ደም ሥር ደም እንዳይረጋበት መርፌ ይወጋል፤ ብዙ ሆስፒታሎች በዚያ ላይ እግሩን በየጊዜው እየነፋ የሚጨምቅ መሣሪያ ያስሩለታል። በአራት አገሮች፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በሕንድ፣ 2,003 ሕሙማን ተመረመሩ። መርፌውን ሁሉም ወስደዋል። መሣሪያው በተጨመረላቸው ዘንድ የደም መርጋት ከመቶ 3.9፣ ባልተጨመረላቸው ዘንድ ከመቶ 4.2 ሆነ። በ2022ም በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት 320 የኮቪድ ሕሙማን በራስ ቁር መሰል መሸፈኛ ኦክስጅን ቢሰጣቸው ከተለመደው አሰጣጥ ይሻል እንደሆነ ተጠየቀ፤ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመቶ 27 እና ከመቶ 26 ሆኑ።

ጋዜጣ እንዲህ ያለውን ዜና በፊት ገጹ አያወጣም። አዲስ ፈውስ ሲገኝ ይጮሃል፤ «ይህ መሣሪያ አያስፈልግም» ሲባል ዝም ይላል። መሣሪያውን መግዛት ለማይችል ሆስፒታል ግን ትልቁ ዜና ይህ ነው። በድህነቱ ምክንያት በሽተኞቹን ከተገቢው ሕክምና በታች እያከመ እንደሆነ ይሰማው የነበረ ሐኪም፣ መርፌው በአግባቡ ከተሰጠ የጎደለበት ነገር እንደሌለ ያውቃል። ሊገዛ የነበረውም ገንዘቡን ለሌላ ያውለዋል። እንዲህ ያለውን ውጤት ደብቆ ማስቀረት ለተመራማሪ ቀላል ነው፤ ለዓመታት ደክሞ «ልዩነት አላገኘሁም» ብሎ ማሳተም ትዕግሥትም ሐቀኝነትም ይጠይቃል።

«ልዩነት አለ» ያለው ሙከራም አለ፤ ታሪኩ ደግሞ ሁሉንም ይበልጣል። ሜርስን ለማከም ኢንተርፌሮን ቤታ-1ቢ የተባለው መርፌ ሎፒናቪር-ሪቶናቪር ከተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር እንዲወዳደር በኖቬምበር 2016 ሙከራ ተጀመረ። ዘጠኝ የሳዑዲ ሆስፒታሎች ተሳተፉ። በሽታው ግን ብቅ እያለ የሚጠፋ ስለሆነ በሽተኛ መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆነ። እስከ ኤፕሪል 2020 ድረስ የተገኙት 95 ሰዎች ብቻ ናቸው። በ90 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 43 ሰዎች 12ቱ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 52 ሰዎች 23ቱ ሞቱ፤ ከመቶ 28 እና ከመቶ 44 መሆኑ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሕመሙ ከጀመረ በሰባት ቀን ውስጥ ሕክምናውን ባገኙት ላይ ነበር።

ውጤቱ የታተመው በ2020 መገባደጃ፣ ዓለም በኮቪድ በተጨነቀበት ወቅት ነው። ሎፒናቪር-ሪቶናቪር ለኮሮና ቫይረስ ይሆናል የሚለው ተስፋ ከዚያ በፊትም በብዙ አገር ሐኪሞች ዘንድ ነበረ። ፕሮፌሰር አረቢ ግን ያገኙትን ተስፋ ራሳቸው ለሁለተኛ ጊዜ ፈተና ላይ አስቀመጡት። በብዙ አገሮች ጽኑ የኮቪድ ሕሙማንን ያካተተው «ሪማፕ-ካፕ» የተሰኘው ሙከራ ስለዚህ መድኃኒትና ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያገኘውን ውጤት በ2021 ሲያሳትም፣ ቀዳሚው ደራሲ እሳቸው ነበሩ። ውጤቱም መድኃኒቶቹ አለመጥቀማቸው ብቻ ሳይሆን የሕሙማኑን ሁኔታ ያባባሱ መሆናቸውን አሳየ። ከአንድ እጅ በአንድ ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ጽሑፎች አንዱን መድኃኒት ለአንዱ ኮሮና ቫይረስ አቀረቡ፤ ለሌላው ከለከሉ። ሁለቱም ይጠቀሳሉ።

ለሜርስ ዛሬም ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለም። በሽታው በሳዑዲ ዓረቢያ አልፎ አልፎ ይታያል። በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በቱኒዚያ ግመሎች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ምርመራ ከኢትዮጵያ ደማቸው ከተመረመረ ግመሎች እጅግ የሚበዙት ለቫይረሱ የተጋለጡ መሆናቸውን የሚያሳይ ፀረ እንግዳ አካል እንዳላቸው አግኝቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግመል እርባታ ላይ የተሰማራ ሰው ትኩሳትና ሳል ሲይዘው የሥራውን ዓይነት ለሐኪሙ ካልነገረ፣ ሐኪሙም ካልጠየቀ፣ ምርመራው ይዘገያል። የዘጠኙ ሆስፒታሎች ሙከራ ያሳየው ደግሞ ሰባት ቀን ነው።